ላይ፣ ታች፣ ውስጥ፦ ጆሮ ቦታን የሚለይበት መንገድ

«ቁናውን ከመደቡ ላይ» ተብሎ ቢቆም ገና ምንም አልታዘዘም። ቀጥሎ «አስቀምጠው» ከመጣ ቁናው መደቡ ላይ ይወጣል፤ «አንሳው» ከመጣ ከመደቡ ይወርዳል። «ከ» ከፊት፣ «ላይ» ከኋላ ሆነው መደቡን ቢያቅፉትም ዕቃው ይምጣ ይሂድ አይናገሩም። ይህን የሚናገረው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ግስ ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ግሱን ሳይታወቀው ይጠብቃል። ቋንቋውን በኋላ የተማረ ሰው ግን «ከ»ን እንደሰማ «መነሻ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ መጽሐፉ እንደዚያ ብሎ አስተምሮታልና። ቁናው ገና እጁ ላይ እያለ ከመደቡ የሚያነሣው ሌላ ዕቃ መፈለግ ይጀምራል።

በሰዋስው መስተዋድድ የሚባሉት ቃላት ሥራቸው ማገናኘት ነው። አንድ የሚፈለግ ነገር አለ፤ እሱን ለማግኘት የሚያግዝ ሌላ የታወቀ ነገር አለ፤ መስተዋድዱ ሁለቱ በቦታ እንዴት እንደተያያዙ ይናገራል። «የት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ቋንቋ የለም። መልሱ የሚቀመጥበት ስፍራ ግን ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል፤ አንዱ ከስሙ በፊት፣ ሌላው ከስሙ በኋላ፣ ሌላው በቃሉ መጨረሻ ድምፅ፣ ሌላው በግሱ ውስጥ ያኖረዋል። ሕፃን ልጅ ጆሮውን የት ላይ ማቆም እንዳለበት ከእናቱ አፍ ይለምዳል። ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ሰው ቃላቱን ከመያዝ ይልቅ ይህን ልማድ ማዛወር ይከብደዋል።

ልዩነቱን ለማየት ከኢትዮጵያ መውጣት አያስፈልግም። ትግርኛ «ኣብ ልዕሊ ጠረጴዛ» ሲል ግንኙነቱን የሚናገሩት ቃላት ሁለቱም ከጠረጴዛው በፊት ይመጣሉ። ግዕዝም «ውስተ ቤት» ይላል፤ «ውስተ» ቀድሞ ቤቱ ይከተላል። አፋን ኦሮሞ በተቃራኒው «መነ ኬሰ» ይላል፤ «መነ» ቤት፣ «ኬሰ» ውስጥ ነው። አማርኛ ከሁለቱም ወስዶ መካከል ላይ ቆሟል። «በቤቱ ውስጥ» በሚለው ሐረግ «በ» እንደ ግዕዝ ከፊት፣ «ውስጥ» እንደ ኦሮምኛ ከኋላ ነው። የቋንቋ አጥኚው ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ የኩሽ ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ ዘርዝሯል። ቻርልስ ፈርጉሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በአገሪቱ ያሉ ቋንቋዎች ከየዘራቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው የተቀራረቡባቸውን ባሕርያት አሰባስቦ አሳይቷል። በጉርብትና የኖሩ ሕዝቦች ቃል ብቻ አይዋዋሱም፤ የዓረፍተ ነገር አሰላለፍም ይዋዋሳሉ። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ መዋሉ፣ «ላይ» እና «ውስጥ»ም ከስሙ ኋላ መሰለፋቸው የዚህ ረጅም ጉርብትና ፍሬ ነው ተብሎ ይታመናል።

ከኋላ የሚሰለፉት የአማርኛ ቃላት እንደ «በ» እና «ከ» ያሉ ባዶ ቅንጣቶች አይደሉም። «ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ገና ነው» ሲባል ስም ሆነው ባለቤት ይይዛሉ። ብዙዎቹም ከሰው አካል የወጡ ናቸው። ፊት፣ ጎን፣ ጀርባ ግልጽ ናቸው። የአልጋ «ራስጌ» ራስ የሚያርፍበት፣ «ግርጌ» እግር የሚዘረጋበት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ትባላለች። የገደሉም «አፋፍ» አፍን ይዟል። አፋን ኦሮሞም ያንኑ መንገድ ሄዷል፤ «ፉልዱረ» የሚለው «ከፊት» ማለት ሲሆን «ፉለ» ፊት ነው፤ «ዱግደ ዱበ» ከጀርባ በስተኋላ ነው። በዚህ በኩል የሁለቱ ቋንቋ ሰሚዎች አይቸገሩም። ቦታን በሰው ገላ መለካት በዓለም ዙሪያ በብዙ ቋንቋ የሚገኝ ልማድ ነው።

የሚቸገሩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። አርሲ ውስጥ በጢቾ፣ በአሰላ፣ በበቆጂና በአካባቢው ገበያዎች አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ አንድ ሰው በአንድ ግብይት መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። በአፋን ኦሮሞ «ሚንጃለ ኢረ» ማለት ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጨረሻው ድምፅ ተስቦ «ሚንጃለ ኢራ» ሲሆን ከጠረጴዛ ላይ፣ መነሻው ከዚያ የሆነ ማለት ይሆናል። ይህ የአንድ ቃል ጠባይ ብቻ አይደለም። «ኬሰ» ውስጥ፣ «ኬሳ» ከውስጥ፤ «ጀለ» ስር፣ «ጀላ» ከስር፤ «ቢረ» አጠገብ፣ «ቢራ» ከአጠገብ ነው። «ሚንጃለ ኢረ ካኢ» ብሎ ያዘዘ አስቀምጥ ብሏል፤ «ሚንጃለ ኢራ ካሲ» ያለ አንሣ ብሏል። ልብ ማለት የሚገባው፣ የኦሮምኛ ሰሚ ግሱ ከመድረሱ በፊት በአናባቢው ርዝመት ብቻ ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቁ ነው። አማርኛ ለግሱ ያቆየውን ነገር ኦሮምኛ በአንድ እስትንፋስ መሳብ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ስሕተቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። አማርኛ ተናጋሪው አናባቢ ስቦ ትርጉም የመለወጥ ልማድ ስለሌለው «ኢረ» እና «ኢራ» አንድ ቃል ይመስሉታል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ደግሞ አማርኛን ሲሰማ በስሙ ጫፍ ላይ መልስ ይፈልጋል፤ «ከመደቡ ላይ» ግን መልሱን ገና አልያዘም። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በሚጻፍበት ቁቤ ረጅሙ አናባቢ ፊደሉ ተደግሞ ስለሚጻፍ ልዩነቱ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ንግግር ላይ ግን ሰሚው ያለው ጆሮው ብቻ ነው። በኦሮሚያ ልጆች የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፋን ኦሮሞ ሲከታተሉ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ «ከ፦ መነሻ፤ ላይ፦ በአናት» እያሉ በነጠላ ቃል ዝርዝር ማስጠናት አያዛልቅም። «ከ… ላይ አስቀመጠ» እና «ከ… ላይ አነሣ» አንድ ላይ፣ ግሱን ጨምረው ቢሰጡት ይሻለዋል። የተሳሳተ ዕቃ ይዞ የመጣ ልጅ ልቡ ስላልተገኘ ላይሆን ይችላል፤ ያዳመጠው በራሱ ቋንቋ መልሱ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው።

አማርኛው ራሱም በየአገሩ አንድ አይደለም። በጎጃምና በጎንደር አነጋገር «ከቤት ነው» የተባለ ሰው ቤቱ ተቀምጧል፤ ለሸዋ ጆሮ ግን ከቤት ወጥቶ የመጣ ይመስላል። «በ»ም ቢሆን ብዙ ትሸከማለች። «በአዳማ መጣ»፣ «በአውቶብስ መጣ»፣ «በሌሊት መጣ» ሲባል አንዲት «በ» መንገድን፣ ማጓጓዣንና ጊዜን ትናገራለች። ሰሚው አዳማ ከተማ፣ አውቶብስ መኪና፣ ሌሊት ጊዜ መሆኑን ስለሚያውቅ አይደናገርም። ቃሏ በር ትከፍታለች፤ ሌላውን የሚሞላው የሰሚው ዕውቀት ነው።

ሰሚ ንግግሩ እስኪያልቅ እንደማይጠብቅ በግልጽ የታየው የዓይንን እንቅስቃሴ በሚከታተል መሣሪያ ነው። ማይክል ታነንሃውስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ሙከራ ይጠቀሳል። ሰዎቹ ፊት ፎጣ ላይ የተቀመጠ ፖም፣ ባዶ ፎጣና ሣጥን ተደርጎ፣ በእንግሊዝኛ ፎጣ ላይ ያለውን ፖም ሣጥን ውስጥ እንዲያስገቡ ታዘዙ። በእንግሊዝኛው አሰላለፍ «ፖሙን አድርግ» ቀድሞ «ፎጣው ላይ» ይከተላል። ሰዎቹ «ፎጣው ላይ» የሚለውን እንደሰሙ ዓይናቸው ወደ ባዶው ፎጣ ሄደ፤ መድረሻው እሱ መሰላቸው። ሁለት ፖሞች ሲቀርቡላቸው፣ አንዱ ፎጣ ላይ ሌላው መሐረብ ላይ ሆኖ፣ ስሕተቱ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ «ፎጣው ላይ» የትኛው ፖም እንደሆነ መለያ መሆኑ ወዲያው ገባቸው። ጆሮ የሚሰማውንና ዓይን የሚያየውን አእምሮ በአንድ ጊዜ ያስታርቃል ማለት ነው።

ይኸው ትእዛዝ በአማርኛ «ፎጣው ላይ ያለውን ፖም ሣጥኑ ውስጥ ክተተው» ይሆናል። «ያለውን» የምትለው ቃል ፎጣው መለያ እንጂ መድረሻ አለመሆኑን አስቀድማ ስለምትናገር የእንግሊዝኛው ወጥመድ እዚህ የለም። አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው፤ እሱም ከላይ የታየው የቁናውና የመደቡ ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን ገርበብ አድርጎ ይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ክሬግ ቼምበርስና ባልደረቦቹ ባወጡት ሌላ ጥናት፣ እንግሊዝኛ ሰሚዎች «ውስጥ» የሚለውን ቃል እንደሰሙ፣ የዕቃው ስም ገና ሳይጠራ፣ ዓይናቸው ከሌላው ሁሉ ተነሥቶ ነገር ሊይዙ ወደሚችሉ ዕቃዎች ሄዷል። ይህ የሆነው በዚያ ቋንቋ መስተዋድዱ ስሙን ስለሚቀድም ነው። «ጣሳው ውስጥ» በሚል ቋንቋ ነገሩ ይገለበጣል። ሰሚው መጀመሪያ ጣሳውን ያገኛል፤ ቀጥሎ የጣሳው የትኛው ክፍል እንደሚፈለግ ይነገረዋል። እንግሊዝኛ ዓይንን በግንኙነቱ ይመራል፤ አማርኛና ኦሮምኛ በዕቃው ይመራሉ።

ለሕፃን ልጅ የትኛው ይቀላል? ለዚህ የሚጠቀሰው ምስክር እንደ አርሲ ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የሚነገርበት አገር ነው። በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ሃንጋሪኛና ሰርቦ ክሮሽኛ አንድ ላይ እየተማሩ ያደጉ ሕፃናት ቦታን በሃንጋሪኛ ቀድመው መግለጽ እንደጀመሩ ሜላኒ ሚኬሽ መዝግባለች። ሃንጋሪኛ ልክ እንደ «ኬሰ» እና «ኬሳ» ግንኙነቱን በስሙ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ለየብቻቸው መድረሻ ድምፅ አላቸው። ሌላው ቋንቋ ግን መስተዋድድን ከፊት አድርጎ የስሙንም መልክ ይለውጣል። ልጆቹ ሐሳቡን ይዘውታል፤ የቀደመው ለጆሮ የቀለለው መንገድ ነው። ዳን ስሎቢን ከዚህ ተነሥቶ ሕፃናት ለቃል መጨረሻ የተለየ ጆሮ ይሰጣሉ የሚል መርህ እ.ኤ.አ. በ1973 አቀረበ። ከጁዲት ጆንስተን ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ጥናት ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በሰርቦ ክሮሽኛና በቱርክኛ ልጆች ቅደም ተከተሉ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ውስጥ፣ ላይ፣ ስርና አጠገብ ቀድመው ይመጣሉ፤ መካከል ይከተላል፤ ፊትና ኋላ፣ በተለይ የራሱ ፊት የሌለው ነገር ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ።

የቃላቱ ስፋትም ከቋንቋ ቋንቋ አይገጥምም። ወፍ ለአማርኛ ዛፉ ላይ ናት፤ ለእንግሊዝኛ ዛፉ ውስጥ ናት። ተሳፋሪ ለአማርኛ አውቶብሱ ውስጥ ነው፤ ለእንግሊዝኛ አውቶብሱ ላይ ነው። ደች ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ሥዕልና ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ሲኒ የተለያየ ቃል ይጠቀማል፤ አማርኛ ለሁለቱም «ላይ» ይበቃዋል። ሜሊሳ ቦወርማንና ኤሪክ ፔደርሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ያዘጋጁት የ71 ሥዕሎች ስብስብ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አንድ ዓይነት ሥዕል ለየቋንቋው ተናጋሪ እያሳዩ «የት ነው?» ብሎ መጠየቅ።

ኮሪያኛ ከዚህም ይርቃል። ቦወርማንና ሱንጃ ቾይ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት ቋንቋው ውስጥ ወይስ ላይ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ጥብቅ ብሎ ገጥሟል ወይስ ላላ ብሏል ብሎ ይጠይቃል፤ ቀለበት በጣት፣ ካሴት በማኅደሩ አንድ ግስ ይወስዳሉ። ሱዛን ሄስፖስና ኤልዛቤት ስፔልኪ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደዘገቡት በእንግሊዝኛ ቤት የተወለዱ የአምስት ወር ሕፃናት ሳይቀሩ ይህን ልዩነት ያያሉ። አድገው ትኩረት የሚነፍጉት ቋንቋቸው ስለማይጠይቃቸው ነው። አማርኛም ቢሆን ጥብቀቱን የሚናገርበት መንገድ አላጣም፤ መስተዋድዱን ትቶ ለግሶቹ ሰጥቶታል። ከተተ፣ ሰካ፣ ወተፈ፣ ሸጎጠ፣ ሰነቀረ የየራሳቸው አገባብ አላቸው። የሣር ክዳን ባለው ቤት «ቢላዋውን ጣራው ላይ ሸጎጠው» ሲባል «ላይ» የሚለው ቃል ብቻውን ቢላዋውን ሣሩ አናት ላይ ያስቀምጠው ነበር፤ «ሸጎጠው» ግን በሣሩ መካከል ጥብቅ አድርጎ፣ ከዓይን ሰውሮ ያስገባዋል።

ሰሚ ቅርጽን ብቻ አይለካም፤ ዕቃው ምን እንደሚሠራም ያስባል። መሶብ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንጀራ ሲቀመጥ መሶቡ ውስጥ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ሲበላ መሶቡ ላይ ይቀርባል። ዕቃው ያው ነው፤ አገልግሎቱ ተለወጠ። ቁና ገብስ ተሰፍሮ ክምር ሲሠራ ከአፉ በላይ ያለው እህል ምንም ግድግዳ አልያዘውም፤ ቢሆንም «ቁናው ውስጥ ያለው ገብስ» ሲባል ክምሩ አብሮ ይቆጠራል፤ ቁናው ሲነሣ ክምሩም አብሮት ይነሣልና። ሳይመን ጋሮድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ኳሶች በተከመሩበት ሳህን የሞከሩት ይህንኑ ነው። ከላይ ያለው ኳስ በክር ተንጠልጥሎ ሲታይ፣ ቦታው ሳይለወጥ፣ ሰዎች «ሳህኑ ውስጥ ነው» ለማለት አመነቱ። ኬኒ ኮቨንትሪና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2001 ጃንጥላ የያዘ ሰው ሥዕል አሳይተው፣ ዝናቡ በሰያፍ ሲመጣ ወደ ዝናቡ የተጋደመው ጃንጥላ «ከሰውየው በላይ ነው» ለመባል የተሻለ ተቀባይነት እንዳገኘ አሳይተዋል። ቃሉን ለመምረጥ ጃንጥላው ማስጠለሉ በሰውየው አናት ትክክል ከመሆኑ ይበልጥ ይመዝናል ማለት ነው።

ደጋ ላይ የሚኖር ሰሚ ሌላም መለኪያ አለው፤ መሬቱን። «ከቤታችን በላይ ያለው ማሳ» ሲባል ማንም ወደ ጣራው ቀና አይልም፤ ሽቅብ ዳገቱን ያያል። «ከበታች ያለው» ደግሞ ቁልቁል ነው። አርሲ ውስጥ እንደ ጭላሎ ያለ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝም ተራራ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ ግራና ቀኝ ከማለት ይቀላል፤ ተናጋሪው ፊቱን ቢያዞርም ዳገቱ አይዞርምና። አፋን ኦሮሞም «ኦል» እና «ገድ» በሚሉ ቃላት ወደ ላይና ወደ ታች መሄድን ከግሱ ጋር አጣምሮ ይናገራል። አዲስ አበባም ቢሆን ከእንጦጦ ቁልቁል ስለተዘረጋች «ከፍ ብሎ» እና «ወረድ ብሎ» የሰፈር መፈለጊያ ሆነው ቀርተዋል። ሜዳ አገር ያደገ ሰሚ ግን «ከቤቱ በላይ» ሲባል ሰገነት ሊፈልግ ይችላል።

ይህን ልማድ እስከ ጥግ የወሰዱት የሜክሲኮዋ የቴኔሃፓ ጼልታል ተናጋሪዎች ናቸው። አገራቸው ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚያዘቀዝቅ፣ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ሁለት ዕቃዎችን እንኳ «የሽቅቡ» እና «የቁልቁሉ» ብለው ይለያሉ፤ ጠረጴዛው ደልዳላ መሆኑ አያግዳቸውም። የአውስትራሊያ ጉጉ ይሚዲር ተናጋሪዎች ደግሞ ለዚሁ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ምዕራብን ይጠቀማሉ። ስቲቨን ሌቪንሰንና ባልደረቦቹ የአሻንጉሊት እንስሳትን በመስመር አሳይተው፣ ሰዎቹን ወደ ኋላ አዙረው በሌላ ጠረጴዛ ላይ «እንደዚያው ደርድሩ» ብለዋቸዋል። የደች ተናጋሪዎች ግራ ያለውን ግራ አደረጉ፤ የጼልታል ተናጋሪዎች በደቡብ በኩል የነበረውን በደቡብ በኩል መለሱት። ፔጊ ሊና ሊላ ግላይትማን እ.ኤ.አ. በ2002 ልዩነቱ ከቋንቋው ሳይሆን ሙከራው ከተደረገበት ስፍራ ሊመጣ ይችላል ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ቀጥሏል፤ ሰሚው ቃሉን ሲሰማ መለኪያ መምረጥ ያለበት መሆኑ ግን አላከራከረም።

ምርጫው በተለይ በ«ፊት» እና በ«ኋላ» ይከብዳል። ቤት በር አለው፣ መኪና መብራት አለው፤ ስለዚህ የራሳቸው ፊት አላቸው። ዛፍ ግን ፊት የለውም። ለአማርኛ «ከዛፉ ኋላ ተደብቋል» የተባለ ልጅ በዛፉ ማዶ ነው፤ ዛፉ ተመልካቹን ፊት ለፊት እንደሚያይ ሰው ተቆጥሯል። ሐውስኛን ያጠናው ክሊፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳየው በዚያ ቋንቋ ዛፉ እንደ ተመልካቹ ወደ ማዶ የሚያይ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል፤ ያን ጊዜ የማዶው ወገን «ፊት» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪዎች እርስ በርስ ሳይቀር በቆመች መኪና ላይ ይለያያሉ፤ «ከመኪናው ፊት» ለአንዱ መብራቱ ባለበት፣ ለሌላው እሱ በቆመበት በኩል ነው።

የሚነገረው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲሆን ደግሞ ሌላ ልዩነት ይመጣል። የቋንቋ አጥኚው ሊዮናርድ ታልሚ ቋንቋዎችን የእንቅስቃሴን አቅጣጫ በሚሸከመው ቃል ከፍሏቸዋል። እንግሊዝኛ «ሮጠ» ብሎ አቅጣጫውን በትንሽ ቃል ያስከትላል። አማርኛ «ሮጦ ገባ»፣ «ሮጦ ወጣ»፣ «ሮጦ ተሻገረ» ይላል፤ ሩጫው አጃቢ፣ አቅጣጫው ዋና ግስ ነው። ሰሚው የመግባቱን ነገር ከመስማቱ በፊት ሩጫውን ሰምቷል። ይህ የግስ ኃይል አቅጣጫ ሲነገር ይበልጥ ይታያል። በከተማም በገጠርም «ገባ ብሎ»፣ «አለፍ ብሎ»፣ «ጠጋ ብሎ»፣ «ሳይደርሱ» የሚሉት ሐረጎች የመስተዋድድን ሥራ ይሠራሉ። «ከጤና ጣቢያው ጀርባ» የሚለው ከየትም ለሚመጣ ሰሚ አንድ ቦታ ሊሆን ይችላል። «ድልድዩን አለፍ ብሎ» ግን ተጓዥ ይፈልጋል፤ ሰሚው ራሱን መንገድ ላይ አስቀምጦ በሐሳቡ መራመድ አለበት። ከአሰላ ወደ ጢቾ ለሚጓዝ ሰው «ጢቾ ሳይደርሱ ያለው ወንዝ» ከከተማዋ ወዲህ ነው፤ ከማዶ ለሚመጣ ሰው ያው አነጋገር ሌላ ወንዝ ያመለክታል። አስተዋይ ሰሚ ስለዚህ መንገዱን ከመጀመሩ በፊት «ከየት ሲመጡ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።